ጓፖ ማለት ጎበዝ ማለት ነው

«ጓፖ» የምትለውን ቃል መጀመሪያ የሰማኋት አምቦ፣ ሰፈራችን ውስጥ ነው። ስፓኒሽ መሆኗን እንኳ አላውቅም ነበር። ኳስ ስንጫወት ተጣልተን ስንተናነቅ አንድ ጎረቤታችን ከበራቸው ላይ ሆነው «ኤይ፣ ጓፖ!» ብለው ይጮኹብናል። ያኔ እንላቀቃለን። እኛ ልጆቹ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ትልልቆቹ ደግሞ በሌሉበት «ኩባ» ይሏቸዋል፤ ልጅነታቸውን እዚያ ነዋ ያሳለፉት።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ጓፖ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጎበዝ ማለት ነው» አሉኝ። በቃ። የአስር ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ጓፖ ማለት ጎበዝ ብዬ ጭንቅላቴ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለብዙ ዓመት የነካብኝ ሰው አልነበረም።

ዛሬ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የስፔን ደንበኛ ያለው ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ። ማድሪድ የምትኖር ባልደረባችን ያስቸገራትን ስህተት ሌሊት አስተካክዬ ስልክላት «ግራሲያስ፣ ጓፖ» ብላ መለሰችልኝ። ደስ አለኝ። ጎበዝ መባል ማን ይጠላል? እኔም በእንግሊዝኛ «ኧረ ምንም አይደል፣ ሥራዬ ነው፣ ልምድ ነው» ዓይነት ነገር ጻፍኩላት። ስትስቅ የሚያሳይ ምስል መጣልኝ። ለካ ማድሪድ ጓፖ ማለት ቆንጆ፣ መልከ መልካም ማለት ነው። እኔ ደግሞ «ቆንጆ ነህ» ስባል «ልምድ ነው» ብዬ መልሻለሁ።

በዚያው ሰሞን ዱኦሊንጎ ጀመርኩ። እዚያም ጓፖ ማለት ቆንጆ ነው። ስለዚህ ጋሼ ተሳስተው ነበር አልኩ። ኩባ አሥር ምናምን ዓመት ኖረው አንዲት ተራ ቅጽል እንዴት ይሳሳታሉ?

አልተሳሳቱም። ይህን ለማወቅ ግን ቃሏን ከሥሯ መቆፈር ነበረብኝ።

የስፓኒሽ ሥርወ ቃል አጥኚዎች ጓፖን ብዙውን ጊዜ የሚያያይዙት «ቫፓ» ከሚል የላቲን ቃል ጋር ነው። ቫፓ ጣዕሙ የጠፋ፣ የሞተ ወይን ነው። የአምቦ ልጅ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ፣ ጋዙ የወጣ አምቦ ውሃ ማለት ነው። (ወይኑን ለሚመርጥ ደግሞ ጉደር ከአምቦ ቀጥላ ያለችው ከተማ ናት፤ ስሟ በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ከፍታችሁ ረስታችሁት እደሩና በማግስቱ ቅመሱት።) ሮማውያን ይህንኑ ቃል ለማይረባ፣ ለዱርዬ ሰውም ይሉት ነበር። ቃሉ በፈረንሳይ በኩል አድርጎ ስፔን ሲደርስ ትርጉሙ ጠበኛ፣ ጉልበተኛ፣ ቢላ የሚመዝ ሆኖ ነበር። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ጠበኛ ሰው አይፈራም፤ ስለዚህ ጓፖ ደፋር ሆነ። የስፔን የቋንቋ አካዳሚ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሳተመው የመጀመሪያ መዝገበ ቃላቱ ቃሉን የተረጎመው በጀግንነት ነው፤ አደጋን የሚንቅ ሰው። ደፋሩ ሰውዬ ደግሞ ጢሙን ጠምዝዞ፣ ባርኔጣውን አዘንብሎ ነው የሚሄደው፤ ሴቶቹም ያዩታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጓፖ የለበሰ፣ ያማረበት፣ በመጨረሻም ቆንጆ ሆነ። ከሞተ ወይን ተነስቶ መስታወት ፊት ደረሰ።

ሁሉም ቦታ ግን አብሮ አልተለወጠም። እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ኔፕልስ እ.ኤ.አ. ከ1503 ጀምሮ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በስፔን ነገሥታት ሥር ነበረች፤ ቃሉም «ጓፖ» ሆኖ እዚያ ቀረ፤ እዚያ ግን የሰፈር ጉልበተኛ፣ ከወንበዴ ማኅበሩ ጋር የሚነካካ ሰው ነው። ኋላ ጣልያኖች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ አሜሪካውያን ከዚያው ቃል ለስደተኞቹ መሳደቢያ ሳያወጡ አልቀሩም። ፊሊፒንስ ከ300 ዓመት በላይ የስፔን ቅኝ ሆና ቆንጆውን ትርጉም ብቻ ይዛ ቀረች። ቦነስ አይረስ ውስጥ የከተማው ዳርቻ ላይ በቢላ የሚፋለመው ሰው ጓፖ ይባል ነበር፤ ቦርኼስ በዚህ ሰው ፍቅር ይዞት ብዙ ጽፏል። ፓራጓይ ደግሞ ጓፖ ማለት ታታሪ፣ ሥራ የሚወድ ነው። ፓራጓይ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ጓፓ ናት ካለች ልጅቷ ቤቱን ጠርጋ፣ ትምህርቷን አጥንታ ጨርሳለች ማለት ነው።

ኩባስ? ኩባ ውስጥ ጓፖ ጠበኛ ነው። የማይፈራ፣ አልፎም ጠብ የሚፈልግ። ሙገሳም ይሆናል፣ ስድብም ይሆናል፤ እንደ ተናጋሪው ፊት ነው።

ኮድ ስንጽፍ አንድ ነገር በትክክል መሥራቱን የምናረጋግጠው ተቃራኒውን ሰጥተን በመሞከር ነው። ቅጽልም እንዲያው ይመስለኛል። ስፔን ውስጥ የጓፖ ተቃራኒ ፉንጋ ነው። ኩባ ውስጥ ፈሪ ነው። ፓራጓይ ውስጥ ሰነፍ ነው። ይህን ጽፌ ስጨርስ ነው «ቆይ እንጂ» ያልኩት። ደፋር፣ ከዚያ ታታሪ፣ ተቃራኒው መጀመሪያ ፈሪ፣ ኋላ ሰነፍ። ይህ እኮ ጎበዝ ነው!

ዛሬ ጎበዝ የምንለው ማንን ነው? አንደኛ የወጣ ተማሪን፣ ሰዓት የሚያከብር ሠራተኛን፣ ምግብ የምትችል ሴትን። ተቃራኒው ሰነፍ ነው። ድሮ ግን ጎበዝ ጦር መሸከም የደረሰ ወጣት ማለት ነበር፤ ቅጽልም አልነበረም፣ ስም ነው። ጉብዝናም ወጣትነት። ማስረጃ የሚፈልግ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 12 ይክፈት፤ በሌላው ቋንቋ «በወጣትነትህ» በሚለው ቦታ አማርኛው ጉብዝና ብሎ ነው ያስቀመጠው። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ስሰማው «ጎበዝ ተማሪ በሆንክበት ጊዜ ጸልይ» የሚል ነበር የሚመስለኝ። (ሰነፍም ተንሸራቷል፤ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ሰነፍ ሥራ የማይወድ ሳይሆን ሞኝ፣ ልቡና የሌለው ነው።)

የድሮው ትርጉም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ሽማግሌ ተነስቶ «እንግዲህ ጎበዝ!» ሲል ጎበዝ ተማሪዎችን እየጠራ አይደለም፤ የተሰበሰበውን ሰው ነው፣ እናንተ ሰዎች እንደማለት። «የጎበዝ አለቃ» ደግሞ አለ። መንግሥት ሲርቅ ወይም ሲጠፋ የአንድ አካባቢ ሰው ከመካከሉ መርጦ መሣሪያ የያዙትን ወጣቶች የሚያዝለት ሰው ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የሠራ ስም ነው፤ በቅርቡም ተመልሶ መጥቷል፣ አማራ ክልል ውስጥ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል።

እኛ ጋ ኦሮምኛው አለ። አምቦ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ ሁለቱንም፣ ትምህርት ቤት እንደ መምህሩ ነው። ጎበዝ ተማሪን በኦሮምኛ «በረታ ጪማ» ይሉታል፤ ብርቱ ተማሪ። በረታ ተማሪ ነው፣ ጪማ ብርቱ። አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው «በረታ» የሚለውን ሲሰማ ልጁ የበረታ ይመስለዋል፤ በግማሹ ልክ ነው። ስንለያይ «ጀባዱ» እንባባላለን፣ በርታ ነው። ሌላም ቃል አለ። «ቄሮ» ያላገባ ወጣት ወንድ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም። አያቴ ቄሮ ስትል ገና ሚስት ያልፈለገ የጎረቤት ልጅ ነበር የሚታያት። ከ2008 ወዲህ ግን ቄሮ ሲባል ለማን የጎረቤት ልጅ ይታየዋል? የወጣት ስም፣ ከዚያ የጦረኛ ስም፣ ከዚያ ሙገሳ ወይም ስድብ፤ ጎበዝም ጓፖም የሄዱበት መንገድ ነው። ልዩነቱ ቄሮ ይህን መንገድ እኔ እያየሁት፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ መጨረሱ ነው።

አሁን ጋሼ ጓፖን የተማሩበት ቦታ እንሂድ።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ለኔ የፈተናና የበዓል መንገድ ነው፤ አያቶቻችን ጋ ግን የወታደር መንገድ ነበር። ቡራዩን እንዳለፋችሁ ታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። ትንሽ ቀጥሎ ሆለታ፣ ከጣልያን ወረራ ዋዜማ በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ያለበት፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ከዚያ ነው የተመረቁት። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወር ከየገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ የሠለጠነው ታጠቅ ነው። ሞፈሩን ጥሎ የመጣ ሰው ጥቂት ወር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ተላከ። የጋሼ አባት አንዱ ነበሩ። ሄዱ፤ አልተመለሱም።

በ1970 ጦርነቱ ሲያበቃ ድሉ የኢትዮጵያና የኩባ ነበር። ከ15 ሺህ በላይ የኩባ ወታደር ተሰልፏል፤ የሞቱት ፎቶ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት ላይ አለ። ኩባ ከወታደሩ ሌላ አንድ ነገር አደረገች። አባቶቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸውን ልጆች ወስዳ ማስተማር። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች «ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ» ወደምትባል ደሴት ሄዱ። ስሙ የወጣት ደሴት ማለት ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1978 የጥድ ደሴት ነበረች፣ ስሟን ለወጣቶቹ ብለው ቀየሩት። የጉብዝና ደሴት ብዬ ብተረጉመው የመክብብ ተርጓሚዎች የሚስማሙ ይመስለኛል። አንጎላውያን፣ ሞዛምቢካውያን፣ ናሚቢያውያንም ነበሩ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ትምህርት ቤት ነበረው፣ ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕ ፍሩት እርሻ ላይ ሥራ።

ጋሼ ሲሄዱ አሥር ዓመታቸው ነው። አማርኛቸው ገና ደካማ፣ ስፓኒሽ ጭራሽ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገሩኝ፣ ቃላት የተማሩት ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከእርሻው ነው። ጓፖንም እዚያው። ልጆች ሲደባደቡ ተቆጣጣሪው መጥቶ መሐላቸው ይገባና ጓፖው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ጓፖው የተባለ ልጅ በበነጋው ተጨማሪ መስመር ይለቅማል። ለእሳቸው ጓፖ መስታወት አይደለም፣ ከረጢት ነው።

እዚህ ላይ ሰዋስው ያስፈልገናል፤ አጭር ነው። ስፓኒሽ ውስጥ «ነው» ሁለት ዓይነት ነው። ስፔን ሄዳችሁ «ኤስ ጓፖ» ካላችሁ ሰውዬው ቆንጆ ነው፣ ሲፈጠርም እንዲያ ነው። «ኤስታ ጓፖ» ካላችሁ ዛሬ አምሮበታል፣ ፀጉሩን ተቆርጧል። እኛ ይህን በግሥ ነው የምንለየው፤ «ቆንጆ ነህ» እና «አምሮብሃል»። ለሴት መጨረሻው ይለወጥና ጓፓ ይሆናል፤ ጎበዝ ግን አይለወጥም፣ ጾታውን «ነህ» እና «ነሽ» ይሸከሙለታል። ሦስተኛው ነገር ነው ዋናው። ቅጽሉ ፊት «ኤል» ስትገባ ቅጽልነቱ ያበቃና ሰው ይሆናል። «ኤል ጓፖ»፣ ያ ጉልበተኛው፣ ጀብደኛው። «አሴርሴ ኤል ጓፖ» ሲባል ደግሞ ራስን ጓፖ ማድረግ፣ ጀግና ነኝ ማለት ነው። ኩባ ውስጥ ልጅን ሲገስጹ የሚሏት ነገር ናት፤ «ኖ ቴ አጋስ ኤል ጓፖ»። ጀግና ልሁን አትበል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ዱኦሊንጎ ላይ አልነበረም ያገኘኋት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የኩባ ስፓኒሽ ስለ ጓፖ ምን እንደሚል እያነበብኩ ነበር። ምሳሌው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሰምቻት አውቃለሁ። ሙሉዋን።

ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር ወሬው ከተማውን ሞልቶታል፤ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ። ተማሪ ወጣ፣ ከዚያ ከተማው ወጣ። በወሩ መጨረሻ ገደማ አምቦ ጭስና ተኩስ ሆነች። ሰው ሞተ፤ ስንት እንደሞተ መንግሥትና ሌሎች ያወጡት ቁጥር ለየቅል ነው። ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 2008፣ ጊንጪ ላይ በኳስ ሜዳና በጭልሞ ደን ምክንያት የተነሳው ነገር አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ስለሆነ የ2006ቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአምቦ ሰው አይረሳውም።

በዚያ ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ ጋሼ በራቸው ላይ ቆመዋል። እናቴ አትውጣ ብላኝ ነበር፣ በጓሮ ነው የዞርኩት። እጄን ያዙኝ። የሚናገሩትን በኦሮምኛ ጀመሩት፣ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና በስፓኒሽ ጨረሱት። ሲደነግጡ ወይም ሲናደዱ እንዲያ ያደርጋቸዋል። እኔ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማሁት አንዲት ቃል ነው። ጓፖ።

ጓፖ ማለት ደግሞ ጎበዝ ማለት ነው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

በርታ ያሉኝ መሰለኝ። እጃቸውን ጨብጬ፣ ኮርቼ ሄድኩ።

ዋናው መንገድ ጋ እስክደርስ እንኳ አልቆየም። ተኩሱ ሲጀምር ሁሉም ወደ ኋላ ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ፤ ሁሉቃ ወንዝን ስሻገር አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሰው ግቢ ገብቼ እስኪመሽ ቆየሁ። ስመለስ ጋሼ ከእናቴ ጋር በራችን ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ አለቀሰች፣ ከዚያ መታችኝ። እሳቸው ምንም አላሉኝም። እግሬን አዩና ተነስተው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ በልቤ «ቢያንስ እሳቸው ኮርተውብኛል» እያልኩ ነበር የተኛሁት።

አሥር ዓመት በላይ እንዲያ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ይህን ታሪክ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ «አንድ ኩባ የተማሩ ሽማግሌ በዚያ ቀን ጎበዝ ብለው ላኩኝ» እያልኩ። (ሽማግሌ ያልኩት ለማሳመር ነው፤ ያኔ አርባ አምስት ቢሆናቸው ነው።)

ትርጉማቸው ስህተት አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ጓፖ ጎበዝ ማለት ነው። ለእሳቸው ግን ጎበዝ አባታቸው ታጠቅ የገቡበት ጎበዝ ነው፣ የሚሊሺያው፣ የወጣትነቱ፣ ሄዶ ያልተመለሰው። እኔ የሰማሁት የሪፖርት ካርዱን ነው።

ቅዳሜውኑ ማታ ደወልኩላቸው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ አምቦ ያው ቤታቸው። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ፤ እናቴ፣ ዝናቡ፣ የጤፍ ዋጋ። ከዚያ «ጋሼ፣ ኖ ቴ አጋስ ኤል ጓፖ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ከየት አመጣሃት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እኮ ያሉኝ። በ2006።»

«አስታውሳለሁ» አሉ። «አስቀድሞ በኦሮምኛ ነበር የነገርኩህ፣ አልሰማህም። በአማርኛም ብነግርህ አትሰማም ነበር።» ትንሽ ቆዩና፣ «ያን ጊዜ ያንን ቃል እንደ ልጅ ጨዋታ ነው ያስተማርኳችሁ። በደንብ ላስረዳህ ይገባ ነበር» አሉኝ።

ኧረ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ደሴቷ ላይ መጀመሪያ ክረምት አንድ የጎጃም ልጅ ስለ አባታቸው ክፉ ነገር ሲናገር ደብድበውት እንደነበርና፣ ጓፖ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት በዚያ ቀን እንደሆነ ነገሩኝ። ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪዋን ሲጠይቋት አስተማሪዋ ልታስረዳቸው ስላልቻለች አንድ ትልቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጠራች። እሱ ነው «ጎበዝ ማለት ነው» ያላቸው።

«እና ምን ተሰማዎት?» አልኩ።

«ደስ አለኛ!» አሉ፤ ሳቁ። «አንድ ሳምንት ሙሉ የማጣላው ሰው ስፈልግ ከረምኩ።»

ከዚያ የማድሪዷን ልጅ ነገር ነገርኳቸው፤ ቆንጆ ብላኝ «ልምድ ነው» ማለቴን። በጣም ሳቁ። ባለቤታቸውን ጠርተው በኦሮምኛ ደገሙላቸው፣ ከኋላ የሳቅ ድምፅ ይሰማኛል። ስንሰነባበት «ጀባዱ» አሉኝ። ወዲያው መልሰው፣ «በርታ ማለቴ ነው፣ ሥራህን» አሉ። «ደሞ አነጋገርህ የስፔን ሆኗል። እነሱ ቃሉን እየጎተቱ ነው የሚሉት። ስትመጣ አስተካክልልሃለሁ።»